ሜት፣ ኤችአይቪና ወሲብ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

የኤችአይቪ ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ፣ ማንም ላይ አልፈርድም።

ጥያቄ፦ ሲስተር ዕፅ በወሰድኩበት ቀን የኤችአይቪ መድኃኒቴን ልዝለለው? እንዳይጋጭ ፈርቼ ነው
መልስ፦ በፍጹም እንዳትዘለው! በዚህ ፍርሃት መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ብዙ ነው ያሳዝነኛል። የምትወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ከሆነ ከሜት (ሜታምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ) ጋር ይሄ ነው የሚባል ግጭት የለውም። ሪቶናቪር ወይ ኮቢሲስታት (የሌላውን የኤችአይቪ መድኃኒት ኃይል የሚያጠናክሩ) ያለበት ከሆነ ግን ጉበትህ ዕፁን ቶሎ እንዳያስወግድ ስለሚያግዱት ሜቱም ኤክስታሲ የሚባለው የዕፅ ክኒንም ደምህ ውስጥ ይበዛል፣ የለመድከው መጠን ራሱ ሊገድልህ ይችላል፣ ኤክስታሲ ላይ ሰው ሞቶበታል። ያኔም ቢሆን ለሐኪምህ ነግረህ መድኃኒቱን ታስቀይራለህ እንጂ አታቆምም።

ጥያቄ፦ ሁለት ቀን ሳልተኛ ቆይቼ መድኃኒቱን ረሳሁት፣ ደርቤ ልዋጥ?
መልስ፦ አትደርብ። አሁን የአንድ ጊዜውን ዋጥና በሰዓትህ ቀጥል። ስልክህ ላይ አላርም ሙላ፣ ጥቂት ፍሬ ኪስህ ያዝ።

ጥያቄ፦ ቫይራል ሎድሽ አይታይም ተብያለሁ፣ ታዲያ ኮንዶም ለምኔ?
መልስ፦ ቫይራል ሎድሽ፣ ማለት ደምሽ ውስጥ ያለው የቫይረስ ብዛት፣ በአንድ ሚሊሊትር ከ200 ቅጂ በታች ሆኖ ከዘለቀ በወሲብ ኤችአይቪ አታስተላልፊም፣ ይሄ የተረጋገጠ ነው፣ ደስ ይበልሽ። ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያን ግን አያስቆምም። ዕፅ ሲኖር ደግሞ ወሲቡ ይረዝማል፣ ሰውነት ይደርቃል፣ ህመም አይሰማም፣ ሳይታወቅ ይላጣል ኮንዶምም ይቀደዳል፣ ደም ካለ ሄፓታይተስ ሲም አለ። ብዙው ምልክት ስለማያሳይ በየ3 ወሩ ተመርመሪ፣ ሽንት ብቻ ሳይሆን እንደ ወሲቡ አይነት ከጉሮሮና ከፊንጢጣም ናሙና ይወሰድ፣ አፍረሽ እንዳትተዪው። ቂጥኝ አይንና አንጎል ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ እይታሽ ድንገት ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ቫያግራስ?
መልስ፦ ፖፐርስ ከሚባለው የሚሸተት ዕፅ ጋር በጭራሽ፣ የደም ግፊት በአንዴ ወርዶ ይገድላል። ሪቶናቪር የሚወስድ ሰው ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ25 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፣ እሱንም ሐኪም ሲያዝለት።

ጥያቄ፦ ሜት ማቆም አቃተኝ
መልስ፦ ወንድሜ ስንፍና አይደለም። ለዚህ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም፣ ጥሩ ውጤት ያለው ሽንትህ ተመርምሮ ነጻ ስትሆን ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት ህክምና ነው፣ ካለ ጠይቅ፣ ከሌለም የምክር አገልግሎት ጀምር። እስከዚያው መርፌም የምትስብበትንም ነገር ከማንም ጋር አትጋራ። ስታቆም የሚመጣው ድብርት ከባድ ነው፣ ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ብቻህን አትደር፣ የምታምነውን ሰው ይዘህ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂድ።