«ኤ ዳርክ ሩም»፦ የተጫዋቾች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በብራውዘር በነጻ የሚከፈተውን «ኤ ዳርክ ሩም» የተባለ ጨዋታ ጀምራችሁ፣ ከፊሎቻችሁ ወድዳችሁት፣ ከፊሎቻችሁም ተማርራችሁበት ጽፋችኋል። ጨዋታውን ከአንድ ጊዜ በላይ የጨረስሁት በመሆኔ ተደጋግመው የመጡትን ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ፤ ፍጻሜውን ግን አልናገርም።

ጥያቄ፦ እሳቱ እንደጠፋና ክፍሉ እንደቀዘቀዘ ከሚናገሩ ሁለት አጫጭር መስመሮችና ከአንዲት የእሳት መለኮሻ ቁልፍ በቀር ምንም አላገኘሁም። ገጹ በትክክል አልተከፈተልኝ ይሆን?

መልስ፦ በትክክል ተከፍቶልዎታል። ማይክል ታውንሰንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ሥዕልም መመሪያም አላስገባበትም። እሳቱን ለኩሰው ጥቂት ከታገሡ አንዲት እንግዳ ሴት በብርድ እየተንቀጠቀጠች ትገባለች፤ ሙቀት ሲሰማት እጇ ሥራ እንደሚያውቅ ትነግርዎታለች፤ ከዚያ በኋላ ወጥመዱ፣ ጋሪውና ጎጆው ይከተላሉ። «ምን ላድርግ?» እያሉ የሚቆዩባቸው እነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ለእኔ የጨዋታው ምርጥ ክፍል ናቸው፤ በዚህ የማይስማሙኝ ብዙዎች እንደሆኑ ግን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እንጨት ለመልቀም አንድ ደቂቃ፣ ወጥመድ ለማየት ደግሞ ከዚያ በላይ መጠበቅ አሰልቺ አይደለም?

መልስ፦ በእጅዎ ብቻ ከሠሩ አሰልቺ ነው። እያንዳንዱ ጎጆ እስከ አራት ሰው ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ ጎጆ ይሥሩ፤ አንድ እንጨት ለቃሚ በየ10 ሰከንዱ አንድ እንጨት ያስገባልዎታል። ከገጹ ግርጌ ደግሞ መጠበቂያውን በግማሽ የሚያሳጥር አማራጭ አለ።

ጥያቄ፦ 400 ጸጉራም ቆዳ፣ 20 ቅርፊትና 10 ጥርስ ከፍዬ ኮምፓስ ገዛሁ፤ ነገር ግን ከመንደሩ እንደወጣሁ በውኃ ጥም ሞቼ የያዝሁትን ሁሉ አጣሁ። ይህ ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ቅሬታ ይህ ነው፤ እኔም በመጀመሪያ ጉዞዬ ካርታውን ለማየት ጓጉቼ፣ የመመለሻ ውኃ እንደሌለኝ የገባኝ በስምንተኛው እርምጃ ላይ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሲጀምሩ የሚይዙት ውኃ 10 ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ውኃ ይወስዳል፣ በየሁለት እርምጃው ደግሞ አንድ ቋንጣ ይበላል። ስለዚህ አምስት እርምጃ ሄዶ አምስት መመለስ እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ውኃው ሲያልቅ ጥማቱ የማይቻል እንደሆነ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ያንን ካዩ በኋላ የሚራመዱት እርምጃ የመጨረሻዎ ነው።

ፍትሐዊነቱን በተመለከተ፣ የሚያጡት በጉዞው የተሸከሙትን ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። መንደሩ፣ ሰዎቹና በጎተራ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆይዎታል፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይወጣሉ። እንዲያውም አሥር ጊዜ በጥም የሞተ ተጫዋች ውኃን ቆጥቦ የመጠቀም ችሎታ ያገኛል፤ ይህን ሳላውቅ በሰባተኛው ሞቴ ላይ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። መፍትሔው ግን መሞት ሳይሆን ከቆዳ የሚሠራውን የውኃ መያዣ፣ በአገራችን እርኮት የሚባለውን ዓይነት፣ አስቀድሞ መሥራት ነው፤ አቅምዎን ከ10 ወደ 20 ያደርሰዋል። ቀጥሎም ችቦ ይዘው አንድ ዋሻ ያጽዱ፤ የጸዳ ዋሻ ውኃ የሚሞሉበት ማረፊያ ይሆናል፣ ይሁንና በአንድ ጉዞ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከሆነ ሮግላይክ (አንዴ ከሞቱ ሁሉ ከዜሮ የሚጀመርበት የጨዋታ ዘውግ) ሊባል ይችላል?

መልስ፦ በከፊል። እርስዎን የሚወክለው የ«@» ምልክት ለዘውጉ ስሙን ከሰጠው ከ1980ው «ሮግ» ከተባለ ጨዋታ የመጣ ነው፤ ካርታውም በየጨዋታው አዲስ ሆኖ ይዘጋጃል። ነገር ግን በ2008 በርሊን ላይ የተሰበሰቡ የዘውጉ ሠሪዎች ካስቀመጧቸው መለኪያዎች መካከል የማይመለስ ሞትና በተራ የሚካሄድ ውጊያ ይገኙበታል። እዚህ መንደሩ ከሞትዎ ይተርፋል፤ ውጊያውም ተራ አይጠብቅም፣ እርስዎ ሲያመነቱ አውሬው ይነክስዎታል። «ሮግላይክ አይደለም» ብለው የሚከራከሩት በስሙ ረገድ ልክ ናቸው፤ ይህን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት ግን አልስማማም።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ካፌ የደከምሁበት መንደር በማግስቱ ጠፍቶ ጠበቀኝ። ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ያሳዝናል፤ አይቻልም። ጨዋታው የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒውተር ብራውዘር ውስጥ በመሆኑ የብራውዘሩ መረጃ ሲጸዳ አብሮ ይጠፋል። ወደፊት ከመነሣትዎ በፊት ከገጹ ግርጌ ባለው የማስቀመጫ አማራጭ የሚሰጠውን ረጅም ኮድ ገልብጠው ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ።

ጥያቄ፦ የስልኩስ?

መልስ፦ ለአይፎን ያዘጋጀው አሚር ራጃን ነው፤ በ2014 በአሜሪካው አፕ ስቶር የሚከፈልባቸውን መተግበሪያዎች እስከ መምራት ደርሷል። የብራውዘሩን ያለ ክፍያ ማግኘት ስለሚችሉ ግን መጀመሪያ የብራውዘሩን ቢሞክሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በካርታው ዳር ያለው «ደብልዩ» ፊደል ምንድን ነው?

መልስ፦ ፍጻሜውን አልናገርም ብያለሁ። ከመንደሩ 28 እርምጃ ይርቃል፤ 60 ውኃ የሚይዘውን ታንክ ይዘው ይሂዱ።