ስንት ይከፍላሉ ከማለታችሁ በፊት

«ድሬ ላይ ፋርማሲ ሥራ አገኘሁ፣ ስንት ልበላቸው?» ሐረር ካለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅ የሚወጡ ልጆች ደውለው የሚጠይቁኝ ይኼንኑ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ «ለምን ፈለጉኝ?» በሉ።

ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው። ብሩ አለው፣ ቤቱ አለው፣ መደርደሪያውን አሳምሮ አሠርቷል። የጎደለው የፋርማሲስት ፈቃድ ነው። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ የትኛውም የድሬ ሰፈር ያለሱ ፋርማሲ አይከፈትም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚፈለገው እሱ ላይ ያለው ስም ነው፤ የተሳሳተ መድኃኒት ቢወጣም መጀመሪያ የሚጠራው ያው ስም ነው። እናም የምትሸጡት ጉልበት ብቻ አይደለም። ኃላፊነትም አብሮ ይሸጣል፣ ዋጋ ሲቆረጥም አብሮ ይቆጠር።

ጠላታችሁ ይሉኝታ ነው። አምስት ዓመት ተምሮ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ የመጣ ልጅ ባለቤቱ ፊት ሲቀመጥ አንገቱን ደፍቶ «እርስዎ ያሉትን» ይላል። ድሬ ደግሞ አንቱታ ብዙም አይቆይም፤ ሻይ ሳይቀርብ «አቦ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል?» ትባላላችሁ። ከልቡ ሊሆን ይችላል። እናንተም በፈገግታ «ቤተሰብነቱ እንዳለ ይሁን፣ ግን እንጻፈው» በሉ። ማንም አይቀየምም። የሚቀየም ካለም በጊዜ ማወቁ ይሻላል።

አሁን ወደ ብሩ። ቁጥር ሲጠራላችሁ «የተጣራ ነው ወይስ ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፣ ግብሩም አለ። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀት ላይ ትንሽ ደመወዝ ይጽፍና ቀሪውን በእጅ ይሰጣል። ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ጡረታችሁም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያችሁም፣ ስትለቁ የሚታሰብላችሁም በተጻፈው ነው። በእጅ የተሰጠው ብር ክርክር ሲመጣ ምስክር የለውም።

ከብሩ በላይ የምትጎዱት በሰዓቱ ነው። ድሬን ታውቋታላችሁ፣ ቀትር ላይ ትተኛለች። «ከ2 እስከ 6 ትሠራለህ፣ መሐሉን ትተኛለህ፣ ከዚያ ከ10 እስከ ማታ 4 ነው» ይሏችኋል። ሲሰሙት ቀላል ነው፣ የቀትር እንቅልፍም ይጣፍጣል። ግን ቁጠሩት፦ በቀን 10 ሰዓት ነው፤ በ6 ቀን 60። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ለስሌት እንዲመቸን ደመወዙ 10,400 ብር ነው እንበል። በ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ሲካፈል ለሰዓት 50 ብር ይመጣል። እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ ማለትም 75 ብር። በቀን 2 ትርፍ ሰዓት፣ በወር 52፤ 3,900 ብር ሆነ። ማንም ሳያነሳው በየወሩ የሚቀረው ብር ይህ ነው። ከማታ 4 በኋላ 1.75 ነው፣ በሳምንት እረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል። ትርፍ ሰዓቱም ራሱ በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ ሕጉ ገድቦታል።

ይህን ስትናገሩ አዋጅ እያነበባችሁ አታስፈራሩ። «ሰዓቱን ስቆጥረው ከ48 በላይ ሆነብኝ፣ ወይ ፈረቃ እናድርገው፣ ወይ ትርፉ ይታሰብልኝ» ማለት ይበቃል። ድርድር እንዲህ ነው፤ ሁለት መንገድ ሰጥቶ እሱ እንዲመርጥ መተው። በነገራችን ላይ ሶማሊኛና ኦሮምኛ የምትችሉ ልጆች ዝም አትበሉ። መጋላ ሰፈር ለመጣች እናት መድኃኒቷን በቋንቋዋ የሚያስረዳ ሰው ለዚያ ቤት ደንበኛ ነው የሚያመጣው። ጥሩ ነጋዴ ይህን ካወቀ ቆይቷል፣ እናንተ ብቻ ናችሁ የማታነሱት።

ከመፈረማችሁ በፊት ቤቱን ግቡና እዩ። ማቀዝቀዣውን ክፈቱት። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ቴርሞሜትር ሳይኖረው፣ ኢንሱሊኑ ከሚሪንዳና ከትናንት ምሳ ጎን ተደርድሮ ካገኛችሁት ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። በድሬ ሙቀት ጄኔሬተር ቅንጦት አይደለም። መደርደሪያው ላይም አምስት ስድስት ካርቶን አንስታችሁ የአገልግሎት ጊዜውን አንብቡ። በየት በኩል እንደገባ የማይታወቅ፣ ደረሰኝ የሌለው መድኃኒት ካያችሁ ደግሞ ደመወዙ ስንትም ይሁን ተዉት። ባለቤቱ ይቀጣል፣ እናንተ ግን ፈቃዳችሁ ነው የሚሄደው።

ርክክብ ያለ ቆጠራ አትቀበሉ። በዚህ ላይ አልደራደርም። አንድ ልጅ ቆጠራ ሳያደርግ ፈርሞ ገባ፤ ሦስተኛ ወሩ ላይ ቆጠራ ሲደረግ ከሱ በፊት የጎደለውም፣ ጊዜው ያለፈበትም እሱ ላይ ተደመረ። ደመወዙ በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። ልጁ ያልወሰደውን ዕዳ እየከፈለ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ከሚለቀው ባለሙያ ጋር፣ ባለቤቱ ባለበት፣ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይፈረም። ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ይፍጅ። ውሉ ላይ ስለ ጉድለት የተጻፈውን ደግሞ ሁለቴ አንብቡት። ካሽ ሰብሳቢው ሌላ ሰው ከሆነ፣ የባለቤቱ ዘመዶችም ሳጥኑን እየከፈቱ የሚወስዱ ከሆነ፣ የብር ጉድለት በምን ሒሳብ የእናንተ ይሆናል? ከደመወዝ የሚቆረጠውም ቢሆን ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ እንዲበልጥ ሕጉ አይፈቅድም።

«ያለ ማዘዣ እዚህ ምን ምን ይሸጣል?» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ትራማዶል የሚባለውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ካልሸጣችሁ ገበያ ይቀራል የሚል ቤት በሽያጭ ኮሚሽን ሊያማልላችሁ ይሞክራል። መልሳችሁን ከወዲሁ ንገሩት፤ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል። «አንተ ሌላ ቦታ ሥራ፣ ፈቃድህን ብቻ እዚህ ስቀለው፣ በየወሩ እልክልሃለሁ» የሚላችሁም ይመጣል። እናንተ በሌላችሁበት ሌላ ሰው ያወጣው መድኃኒት በእናንተ ስም ነው የሚወጣው። ቀላል ገንዘብ የሚመስለው ጥፋት እስኪመጣ ነው።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። «ስድስት ወር እንይህ፣ ከዚያ እንጨምራለን» ካሏችሁ ጭማሪው ስንት እንደሆነና ከመቼ እንደሚጀምር እዚያው ውሉ ላይ ይግባ። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላችሁ። ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ መልቀቂያችሁንም በእጃችሁ ያዙ፤ ቀጣዩ ቤት ይጠይቃችኋል።

ዲግሪያችሁን ኦሪጅናሉን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ካሉ ኮፒ ስጡና ኦሪጅናሉን አሳይታችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። ውሉም በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ አንዱ ከእናንተ ጋር ወደ ቤት ይሂድ። «ነገ ጀምር» ካሏችሁም «ዛሬ ማታ ላንብበውና ነገ ጠዋት እመጣለሁ» በሉ። ማታውን ደግሞ ከናንተ በፊት እዚያ የሠራውን ልጅ ፈልጋችሁ ደውሉለት፤ ለምን እንደለቀቀ እሱ ይነግራችኋል።