የአማቴ ወገብ ቆሰለ፤ ጥፋቱ የኔ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለርስዎ ይሁን ሲስተር። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አማቴ ወደ 70 ዓመት ይጠጋቸዋል። ከረመዳን በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዛቸውም። ከአልጋ አይወርዱም፤ ንግግራቸውና ልቦናቸው ግን ደህና ነው። ምግብ ትንሽ ነው የሚቀምሱት፤ ሽንትም ያመልጣቸዋል። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ፈረቃዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። እስክመለስ የጎረቤት ልጅ እየገባች ውሃ ታጠጣቸዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ጭራ አጥንታቸው ላይ ቆዳው ተላጠ፤ አሁን ባለ አንድ ብሩን ሳንቲም ያህላል። ቴትራሳይክሊን ቅባት ቀባሁት፤ አሞክሳሲሊን ካፕሱል እየፈታሁ ነሰነስኩበት፤ ዙሪያውን በስፒሪት አሸሁ። አልሻረም። የባለቤቴ እህት ከባቲ መጥታ አየችና «እናቴን አበሰበስሻት» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው? የትኛው ቅባት ይሻላል? ሥራዬን ልልቀቅ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ በሁለተኛው ሰዓት እየፈለግኩ ነበር። አገኘሁትም። ከጠዋቱ 12 እስከ 8 ሰዓት እማማ በጀርባቸው ተኝተው ነው የሚውሉት። ቁስሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሥጋቸው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ተጨፍልቆ ሲቆይ ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ሽንቱ ደግሞ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የአልጋ ቁስል የምንለው ይኸው ነው። ቡዳም አይደለም፣ ምችም አይደለም፣ ያንቺ ክፋትም አይደለም።

በስፒሪት ማሸቱን ዛሬውኑ አቁሚ። እኔም አሽቻለሁ። ተማሪ ነርስ ሳለሁ እዚሁ ደሴ፣ ጠዋት ጠዋት ስፒሪትና ፓውደር ይዘን፣ ካልጋ አልጋ እየዞርን የበሽተኛ ጀርባ ማሸት ሥራችን ነበር። ጭናቸው የተሰበረ አንድ የወረኢሉ አባት ነበሩ። መዳፌን አፍተልትዬ፣ ጭራ አጥንታቸው ላይ መልኩ የተለወጠውን ቦታ እስኪሞቅ አሸዋለሁ። «አላህ እጅሽን ይባርከው ልጄ» ይሉኛል። በአራተኛው ቀን ቆዳው ከመዳፌ ሥር እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንሸራተተ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እኔ መጋረጃ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። የተማርነው እንደዚያ ነበር። ጫና የጎዳውን ሥጋ ማሸት ይበልጥ እንደሚያደቀው የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

የሚያናድደኝ፣ እኔ ያን ጊዜ ሳሽ መልሱ ቀድሞ መገኘቱ ነው። ያገኘችውም ነርስ ናት፤ ዶሪን ኖርተን የምትባል እንግሊዛዊት። በ1962 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን አጥንታ አወጣች። እነሱም ዘንድ ቅባቱና ማሻው ብዙ ነበር። ቁስልን የሚከላከለው ቆዳ ላይ የሚቀባው ሳይሆን ጫናውን ማንሳት፣ ሰውን በየጊዜው ማገላበጥ መሆኑን አሳየች። ማን ለቁስል እንደተጋለጠ የሚለይ መለኪያም ሠራች፤ አምስት ነገር ትጠይቂያለሽ፦ የሰውነት ሁኔታ፣ ንቃት፣ መራመድ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ትሰጫለሽ። ሙሉው 20 ነው፤ 14ና ከዚያ በታች ያስፈራል። ካንቺ ደብዳቤ ተነስቼ የእማማን ስደምር 12 መጣልኝ። እንግዲህ ለ«የትኛው ቅባት» ያለኝ መልስ ይኼ ነው፤ እማማ የሚያስፈልጋቸው ቅባት ሳይሆን እጅ ነው፣ የብዙ ሰው እጅ።

ቁስሉ እስኪድን በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ፤ ቁስሉ ላይ ፈጽሞ አይተኙ። ቤታችሁ አዛን ይሰማል ብዬ እገምታለሁ፤ አዛኑ ሰዓት ይሁናችሁ። ግን ከሱብሂ እስከ ዙህር ረጅም ነው፤ ያንቺም ፈረቃ የሚውለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ አንቺ 12 ሰዓት ላይ ስትወጪ በደህናው፣ በግራ ጎናቸው አስተኝተሽ ውጪ። 2 ሰዓት ላይ ባለቤትሽ ባጃጁን አቁሞ ቁርስ ሊበላ ሲመጣ ያዙርልሽ። ወንድ ልጅ እናቱን ማጠብ ያፍር ይሆናል፤ ማገላበጥ ግን ማጠብ አይደለም፣ ልጃቸው ነው። 4 ሰዓት ላይ የጎረቤት ሴቶች የሚጠጡትን ቡና እማማ አልጋ አጠገብ ያፍሉት፤ ከአቦል በፊት ሁለት ሆነው ያዙሯቸው። በዙህር ልጅቷና አንዲት ጎረቤት፤ በ8 ሰዓት አንቺ ደርሰሻል። ለልጅቷ ብቻዋን አትተዪላት።

ሲያዞሯቸው አይጎትቷቸው። ሥራቸው የታጠፈ አንሶላ አንጥፈሽ ሁለት ሰው በአንሶላው አንስቶ ያዙር፤ ጉተታ ቆዳ ይልጣል። በዛለው ክንዳቸው ፈጽሞ አትሳቢ፤ ትከሻቸው ይወልቃል። በጎን ሲተኙ ዳሌያቸው ላይ ቀጥ ብለው ሳይሆን ጀርባቸው ትራስ ተደግፎ ዘንበል ይበሉ። በዛለው ጎን ሲሆን ደግሞ ሕመሙ ላይሰማቸው ይችላል፤ ቶሎ አዙሯቸው። ባታቸው ሥር ትራስ አድርገሽ ተረከዛቸውን ከፍራሹ አንሺው። እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ግን ዙሪያውን ያለውን ደም ያግዳልና ይቅር።

ስለ ሌሊቱ ደግሞ፣ በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያዎች ከ900 በላይ ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ውጤት አለ። ጥሩ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ለተኙት በየ2፣ በየ3 እና በየ4 ሰዓቱ ማገላበጥ ልዩነት አላመጣም። የእማማ ፍራሽ ከሳሳ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ፤ ለቅባት ያወጣሽው ብር እዚያ ቢውል ይሻል ነበር። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሌሊቱን ወደ 3 ሰዓት ማርዘም ትችያለሽ። ለሥራ የምትነሺ ሰው ነሽ፤ መተኛት አለብሽ።

ስታዞሪያቸው ሁሌ ቆዳቸውን እዪ። መጽሐፉ «ቀይ ሆኖ ስትጫኚው የማይነጣ» ይላል፤ ያ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም። የእጅሽን ጀርባ አስጠጊ፤ ከዙሪያው ይልቅ ሞቆ ወይ ጠንክሮ ከተሰማሽ ወይ ጠቁሮ ካየሽው ያ ቦታ እየተጎዳ ነው።

የካፕሱሉን ዱቄት ተዪው፤ ከውስጥ አይደርስም፣ ተህዋሲያኑንም መድኃኒት ያስለምዳል። 1 ሊትር ውሃ አፍልተሽ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ አቀዝቅዢና በሱ እጠቢ። ከዚያ ከጤና ጣቢያ በሚሰጥሽ ንጹሕ ጎዝ ሸፍኚው። «አየር ይንካው» የሚሉሽን አትስሚ፤ ርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ቶሎ እንደሚድን በዚያው በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ አሳይቷል። ምግባቸው ጥቂት ከሆነ ጥቂቱ እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት ይሁን፤ ሥጋ የሚሞላው በዚያ ነው።

ሥራሽን አትልቀቂ። ደመወዝሽ ነው ዳይፐሩንና እንቁላሉን የሚገዛው፤ ደግሞ ቤት ብትውዪ ሌሊትም ቀንም ብቻሽን ታገላብጪና አንቺም ትወድቂያለሽ። የቅሬውን ሰዎች አናግሪ። ቅሬያችን ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ድንኳን ይተክላል፤ ተኝቶ ላለ ሰው በቀን አንዴ ገብቶ ማገላበጥ አያቅተውም፤ ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ እንጂ። የባቲዋ እህታችሁም ከመጣች አይቀር አንድ ሳምንት ትቆይ፤ ሌሊቱን ትያዝልሽ።

የጤና መድን ካርድ ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሪፈር አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትሄዱ ላይሠራላችሁ ይችላል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የኛው ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ ባገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ስኳር ካላቸውም እዚያው ይለካ።

በየጁምዓው ንጹሕ ላስቲክ ሳትጫኚ ቁስሉ ላይ አድርገሽ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሳይ፤ ላስቲኩን ቀን ጽፈሽ አስቀምጪው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልጠበበ፣ ወይም ከዚያ በፊት ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ከጠቆረ፣ ከጎደጎደ፣ ወይም እማማ ካተኮሳቸው ቀን አትቁጠሪ፤ በባለቤትሽ ባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሻቸውና ሪፈር ይዛችሁ ያንኑ ቀን የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ግቡ። ላስቲኮቹንም ያዢ፤ ሐኪሙ ያያቸዋል።