መልስ፦ ለስልጠና ሶፍትዌር የትኛው የቪዲዮ ፎርማት ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። ለሠራተኞች ስልጠና ቪዲዮውን በአቪአይ (የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ላድርገው ወይስ በኤች.265 (ቪዲዮን አሳንሶ የማስቀመጫ ዘዴ) ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እተዋቸዋለሁ። ፋይሉን ኤምፒ4፣ በውስጡ ምስሉን ኤች.264 (ከኤች.265 የቀደመው ዘዴ)፣ ድምፁን ኤኤሲ (ድምፅን አሳንሶ የማስቀመጫ ዘዴ) አድርገው። ኤች.264 ከ2003 ጀምሮ ስላለ አሮጌ ላፕቶፕም ብሮውዘርም ያለ ጣጣ ያጫውተዋል። ኤች.265 ፋይሉን ያሳንሳል፤ ግን የቆየ ማሽን ላይ ሊንቀራፈፍ ይችላል።

ዋናው ነገር ጽሑፉ መነበቡ ነው። የስክሪን ቅጂ ከሆነ በሰከንድ 15 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይበቃል። የምስሉን መጠን ግን አታሳንስ፤ የሜኑ ፊደላት ይደበዝዛሉ። ሰልጣኝ ወደኋላ እየመለሰ ስለሚያይ በየ2 ሰከንዱ ኪፍሬም (ማጫወቻው ዘሎ ሊጀምርበት የሚችል ሙሉ ምስል) አስገባ። በኢንተርኔት የሚታይ ከሆነ ኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ላይ ‹ፋስትስታርት› የሚለውን ምርጫ አትርሳ፤ ፋይሉ ወርዶ ሳያልቅ መጫወት ይጀምራል።

ሁሉንም ከመቀየርህ በፊት አንዱን ቢሮ ውስጥ ባለው ደካማ ኮምፒውተር ሞክረው።