በሌለው እግሬ ላይ ለምን ያመኛል?

ጥያቄ፦ ከአምስት ወር በፊት በመኪና አደጋ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁስሉ ድኗል። ሌሊት ሌሊት ግን የሌሉት ጣቶቼ ተጣምመው የተቆለፉ ይመስለኛል፤ ያቃጥለኛል፣ ይወጋኛል። ቤተሰቤ «የሌለ እግር እንዴት ያማል?» ይሉኛል። አእምሮዬ ተነክቶ ይሆን?

መልስ፦ አእምሮዎ አልተነካም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ እባክዎ ይህን ለቤተሰብዎ ያንብቡላቸው። እጅ ወይም እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሕመም ያውቁታል። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ብዙዎች ግን አብዷል እንዳይባሉ ፈርተው ለሐኪማቸው እንኳ ሳይናገሩ ይሠቃያሉ፤ እርስዎ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል።

አንጎል ውስጥ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የተመደበ ቦታ አለ። እግር ሲቆረጥ ያ ቦታ አብሮ አይጠፋም። የተቆረጡት ነርቮችም ከጫፋቸው ምልክት መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ አንጎል ምልክቱን ከጣቶችዎ እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ አንጎልንም ማከም ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ግን የተቆረጠበትን ቦታ በደንብ ይመልከቱ። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳትም ካለዎት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታከሙ። አንዲት ነጥብ ስትነካ ብቻ የሚነዝርዎ ከሆነ የነርቩ ጫፍ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የራሱ ሕክምና አለው።

እርስዎ እንደገለጹት ላሉ የተቆለፉ ጣቶች እኔ አስቀድሜ የምመክረው የመስተዋት ልምምድ ነው። ራማቻንድራን የተባሉ የነርቭ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቁት ዘዴ ሲሆን ወጪው አንድ መስተዋት ብቻ ነው። እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ። ረዘም ያለ መስተዋት በእግሮችዎ መካከል ያቁሙ፤ ፊቱ ወደ ጤነኛው እግር ይሁን፣ የተቆረጠው ከጀርባው ይከለል። መስተዋቱን ሲያዩ ሁለቱም እግሮችዎ ሙሉ ሆነው ይታያሉ። የጤነኛውን እግር ጣቶች በዝግታ ይጠፉ፣ ይዘርጉ፤ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሱ፤ በሐሳብዎም የሌለውን እግር አብረው ያንቀሳቅሱ። በቀን 15 ደቂቃ ያህል፣ ሳያቋርጡ ለአራት ሳምንት ይሞክሩት። ሁሉንም ሰው አይረዳም፤ የሚረዳቸው ሰዎች ግን የተጨበጡት ጣቶች ሲፈቱ ይሰማቸዋል። መጀመሪያ ላይ ማዞር ወይም ኀዘን ቢመጣብዎ ያቁሙና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ይቀጥሉ።

ቆዳው በደንብ ስለዳነ የተቆረጠበትን ቦታ በእጅዎ ማሸት፣ በለስላሳ ከዚያም ሻከር ባለ ጨርቅ ማሻሸት ነርቮቹን ያለማምዳል። በልክዎ የተሠራ ሰው ሠራሽ እግር አዘውትሮ መጠቀምም ብዙዎችን ያግዛል።

ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነቱ የነርቭ ሕመም እምብዛም አይበቃም። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን በትንሽ መጠን ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ አሚትሪፕቲሊን ማታ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የልብ ሕመም፣ የኩላሊት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ካለዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ ተሻለኝ ብለውም በድንገት አያቋርጡ። ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ግን ሱስ ስለሚያስይዝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይውሰዱ።

ሕመሙ በብዙ ሰዎች ላይ በጊዜ ብዛት እየቀለለ ይሄዳል፤ ይህ ማለት ግን እንቅልፍ አጥተው መጠበቅ አለብዎት ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪምዎን ስለ መድኃኒቱ ይጠይቁ፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል እንዲልኩዎትም ይንገሯቸው።