ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወደ አያት የሚደወል ስልክ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የ22 ወር ልጃችንን ይዘን ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄደን እናቴ ዘንድ አምስት ሳምንት ከረምን። ከተመለስን 12 ቀን ሆኖናል። ልጅቷ ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትነቃና ጫማዋን ይዛ በሩ ሥር ቆማ «እማማ ጋ፣ እማማ ጋ» እያለች ታለቅሳለች። መላ ሳጣ በዚያ ሰዓት ለእናቴ በቪዲዮ እደውላለሁ፤ እሷን ስታይ ዝም ትላለች፣ እኔም ገንፎ እሠራላታለሁ። ባለቤቴ «አመል እያስያዝሻት ነው፣ ተያት ታልቅስና ይውጣላት» ይላል። በዚህ ተኳርፈን እሱ ሳሎን ማደር ጀምሯል። የሥራ ባልደረባው ደግሞ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ስጧት ብሎታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የያዘው ልጅዎ ጫማዋን ይዛ በሩ ሥር መቆሟ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ሐሳቧን በዓረፍተ ነገር መግለጽ ባትችልም ጫማ ለመሄድ፣ በር ለመውጣት መሆኑን በሚገባ ታውቃለች። አምስት ሳምንት ያዘለቻት፣ ያጎረሰቻት፣ እሹሩሩ እያለች ያስተኛቻት ሰው በአንድ ሌሊት ጠፍታባታለች፤ ስለዚህ የምታደርገው ፍለጋ እንጂ አመል አይደለም። በዚያው ላይ የሰውነቷ ሰዓት ተዛብቷል። ናፍቆቱና የሰዓቱ መዛባት በአንድ ሌሊት ስለተገናኙ ለእናንተም ተምታትተውባችኋል፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

ከሰዓቱ ልጀምር። የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚተላለፉበት ሥፍራ ከፍ ብሎ፣ በአንጎላችን ውስጥ፣ ብርሃንን እየተከተለ የእንቅልፍን፣ የረሃብንና የሰውነት ሙቀትን ጊዜ የሚመራ እጅግ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለ። ይህ ስብስብ አውሮፕላን የሚያሻግረንን ያህል መፍጠን አይችልም፤ በቀን በአማካይ 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚሸጋሸገው። በዚህ ወቅት በአዲስ አበባና በሜሪላንድ መካከል ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው። ልጅዎ እንቅልፍ የሚጥላት ከቀኑ 11 ሰዓት በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ የምትነቃበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደግሞ እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጅዎ እንቅልፍ አላጣችም፤ ሰውነቷ ግን ገና ከአያቷ ቤት ሰዓት አልተላቀቀም።

ይሁን እንጂ በ12 ቀን ውስጥ ይህ በአብዛኛው መስተካከል ነበረበት። እንዳይስተካከል ያደረገው፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሌሊቱ ስልክ ነው። መብራት ይበራል፣ ገንፎ ይሠራል፣ በስክሪኑ ላይ በጠዋት ፀሐይ የፈካው የአያቷ ፊት ይታያል። ብርሃኑም፣ ምግቡም፣ ደስታውም በየሌሊቱ ለሰውነቷ «ነግቷል፣ ተነሺ» ይሏታል። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም፤ የምታለቅስ ልጅ ይዛ በዚያ ሰዓት ስልክ ያነሣች እናት ያደረገችው ማንም እናት የምታደርገውን ነው።

ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት የምታገኘው ነገር ንቃቷን እያጸናው መሆኑን በማስተዋላቸው ልክ ናቸው፤ ይህንንም በግልጽ ይንገሯቸው። «ታልቅስ» በሚለው ግን አልስማማም። ወላጆች በሌላ ጊዜ ልጅ ብቻውን እንዲተኛ ቢያለማምዱ አልቃወምም፤ አሁን ግን ሰውነቷ በእርግጥ ነቅቷል፣ የምትወደው ሰውም ገና መለየቱ ነው። በጨለማ ብቻዋን ብትተዋት የምትማረው መተኛትን ሳይሆን ሰው እንደሚጠፋ ነው።

ስልኩ ይቀጥል፤ ሰዓቱ ግን ይለወጥ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ብትደውሉ አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት እናትዎን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፤ እሳቸውም ያቺን ጥሪ በናፍቆት እየጠበቁ ነውና በድንገት ብታቋርጡት ቅያሜ ይሆናል። «እማዬ፣ ልጅቷን ለማስተኛት አንቺው ነሽ የምትረጂኝ፤ ሌሊት አንደውልም፣ ጠዋት በየቀኑ ታይሻለች» ቢሏቸው አያት እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። እሹሩሩውን ደግሞ እሳቸው በሚያዜሙበት ዜማ ማታ ማታ እርስዎ ያዚሙላት።

ጥቂት ሌሊቶች አሁንም መንቃቷ አይቀርም። ሲነሡ ትልቁን መብራት አያብሩ። ይቀፏትና በዝግታ «እማማ ቤቷ ናት፤ አሁን ጨለማ ነው፤ ሲነጋ እናያታለን» ይበሏት። ሁልጊዜ ይህንኑ ቃል ይድገሙት፤ ተረኛው ባለቤትዎ ሲሆኑም ቃሉ አይለወጥ። ጫማዋን አይቀሟት፤ አብራችሁ በሩ አጠገብ አስቀምጡትና «ጫማው ይተኛ፣ ጠዋት እናደርገዋለን» በሏት፤ ጠዋትም ከስልኩ በኋላ በእርግጥ አድርጋው ትውጣ። ከራባት በደብዛዛ ብርሃን ትንሽ ዳቦ ይበቃታል፤ ገንፎው ለቁርስ ይቆይ።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለተጓዘ ሰው ጠቃሚው ብርሃን የማታው ነው፤ ብዙ ወላጆች ግን ጠዋት በማለዳ ፀሐይ ላይ ያወጣሉ። ልጅዎን ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ወደ መናፈሻ ይውሰዷት፤ በዚህ ወር እናንተ ዘንድ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ብርሃን አይጎድላችሁም። የመኝታ ሰዓቷን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል እያዘገያችሁ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አድርሱት፤ በአንድ ቀን ለማድረስ ብትታገሉ ከልክ በላይ ደክማ ይብስባታል። ሊነጋጋ ሲል የመኝታ ቤቷ መጋረጃ ጭልምልም ያለ ይሁን። የቀን እንቅልፏን አትከልክሏት፤ ከ9 ሰዓት እንዳያልፍ ብቻ ጠብቁ። በዕድሜዋ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

ሜላቶኒኑን የሕፃናት ሐኪሟ ሳያዝ አትስጧት። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ተጨማሪ ምግብ ስለሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና በውስጡ ያለው መጠን ሁልጊዜ አይገጣጠምም። ትኩሳት ካላት፣ ጆሮዋን የምትነካካ ወይም ተኝታ የምታንኮራፋ ከሆነ ግን ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትወስዷት ከኢትዮጵያ መመለሷን፣ ቆላ አካባቢ ወርዳችሁ ከነበረም ይህንኑ መንገር አትርሱ።

ከባለቤትዎ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አትነጋገሩ፤ በዚያ ሰዓት የደከመ ሰው የሚናገረው ድካሙን ነው። ነገ እራት ላይ፣ ልጅቷ ባለችበት፣ ሌሊት የምትሏትን ቃል አብራችሁ ምረጡ፤ የመጀመሪያውንም ተራ እሳቸው ይውሰዱ። እርስዎ በዚያች ሌሊት ይተኙ።