ዩኤስዲቲው ሄዶ ቢኤንቢው ከቀረ

ከማራኪ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጉዳይህን ሁለቴ አነበብኩት። ነጻ ቶከን (ዲጂታል ሳንቲም) ይሰጣል ከተባለ ድረ ገጽ ጋር ሜታማስክህን፣ ማለትም የክሪፕቶ ዋሌትህን፣ ኮኔክት አደረግህ። በሦስተኛው ቀን 85 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ቶከን) ጠፋ። ፓስዎርድ ቀየርክ፣ ገጹን ዲስኮኔክት አደረግህ፣ ስልኩንም ፎርማት አስደረግህ። ከዚያ የዲዛይን ሥራ ክፍያ 40 ዩኤስዲቲ ገባ፤ እሱም ወዲያው ወጣ። ለጋዝ (ለኔትወርኩ የግብይት ክፍያ) ያስቀመጥከው ቢኤንቢ፣ የቢኤንቢ ቼይን የራሱ ሳንቲም፣ ግን አልተነካም።

እኔን የያዘችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ዋሌቱን የሚከፍቱት 12ቱ ሚስጥራዊ ቃላት የተሰረቁበት ሰው ብዙውን ጊዜ ምንም አይተርፍለትም፤ ሌባው ቢኤንቢውንም ይጠርገዋል። ዩኤስዲቲ ብቻ ተመርጦ ከወጣ፣ አፕሩቭ ያልከው፣ ማለትም ሌላ ሰው ያን ቶከን እንዲያንቀሳቅስ የፈቀድክበት፣ ነገር አለ።

ኮኔክት ማድረግ ብቻውን ገንዘብ አያስወጣም። ገጹ አድራሻህን ያያል፣ በቃ። ጉዱ ያለው ቀጥሎ በመጣው ኮንፈርም ላይ ነው።

ውልና ማስረጃ ሄደህ «መኪናዬን ይሽጥልኝ» ብለህ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጠህ እንበል። ከዚያ ተጣላችሁ። ስልኩን ብሎክ አደረግህ፣ የግቢህን ቁልፍ ቀየርክ። መኪናውን ከመሸጥ ያግደዋል? አያግደውም። ውክልናው ያለው መዝገብ ላይ እንጂ አንተ ግቢ አይደለም። እዚያው ሄደህ ካልሻርከው ይሠራል። አፕሩቭም እንዲሁ ብሎክቼይኑ (ግብይቱ ሁሉ የሚጻፍበት የጋራ መዝገብ) ላይ፣ ዩኤስዲቲውን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም (ኮንትራት) ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ፓስዎርድህ የሚቆልፈው ስልክህ ላይ ያለውን ዋሌት ብቻ ነው። ዲስኮኔክት ደግሞ በር መዝጋት ነው። ይባስ ብሎ ብዙ ገጽ የሚጠይቀው ገደብ የሌለው ውክልና ነው፤ ዛሬ ያለህን ብቻ ሳይሆን የዛሬ ዓመት የሚገባልህንም። 40ዋ የሄደችው በዚህ ነው።

ስለዚህ ሻረው። የቢኤንቢ ቼይንን መዝገብ በሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ቢኤስሲስካን ላይ፣ የቶከን አፕሩቫል መፈተሻ አለ፤ ሪቮክ ዶት ካሽ የሚባለው ድረ ገጽም ይሆናል። የድረ ገጹን አድራሻ በእጅህ ጻፍ፤ ጎግል ላይ በማስታወቂያ ከላይ የሚመጣው አስመሳይ ሊሆን ይችላል። ቢኤንቢ ቼይንን ምረጥ፣ ከዩኤስዲቲ ጎን «አንሊሚትድ» የሚለውን ፈልገህ ሪቮክ በለው። ትንሽ ጋዝ ይበላል። 12ቱን ቃላት ከጠየቀህ ግን ዝጋው። ለመሻር ቃላቱ አያስፈልጉም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ፎርማት ያደረገልህ ልጅ «ባክአፕ ልያዝልህ» ብሎ ቃላቱን ፎቶ አነሳ አልክ። ጥገና ነው ይሄ? ሌሎቹ ስልክ ጠጋኞች ደግሞ ከቴሌግራም ያወረዱትን የዋሌት ፋይል በፍላሽ እየጫኑ 300 ብር ይቀበላሉ። ልጁ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ግን ስልኩ ውስጥ አለ። ስለዚህ መሻሩ ብቻ አይበቃህም። ከፕሌይ ስቶር አውርደህ አዲስ ዋሌት ክፈት። አዲስ ስልህ አዲስ ቃላት ማለቴ ነው፤ በድሮዎቹ ቃላት «አካውንት 2» ብትከፍት ያው ነው። ወረቀት ላይ ጻፋቸው፣ ፎቶ አታንሳ። ቢኤንቢውን ዛሬውኑ አሻግር። የሻርነው ደንበኞችህ አዲሱን አድራሻ እስኪይዙ በድሮው የሚልኩልህ እንዳይበላ ነው።

ኤርድሮፕ (የነጻ ቶከን እደላ) መሞከር ካልተውክ ሌላ ትንሽ ዋሌት ለዚያ ብቻ ያዝ። ደመወዝህ የሚገባበትን የትም ኮኔክት አታድርግ። አፕሩቭ ሲመጣም መጠኑን በምትጠቀመው ልክ ዝቅ አድርገው። ጋዝ የማይጠይቅ ፊርማም ውክልና ሊሆን ስለሚችል ሳታነብ አትፈርም።

የሄደችው 125 አትመለስም። «እናስመልስልሃለን» እያሉ በቴሌግራም የሚመጡት መጨረሻ ላይ የሚጠይቁህ ያንኑ 12 ቃላት ነው። ካስቸገረህ ፒያሳ ሱቄ ብቅ በል፣ አብረን እናየዋለን። ስልኩን ይዘህ፣ ወረቀቱን ቤት ትተህ ና።